ቦርሳውን በመጨረሻ ይግዙ

ለእግር ጉዞ ዕቃ ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቦርሳው ይጀምራል። ሱቅ ይገባል፣ ቀለሙና ኪሱ ደስ ያለውን ያነሳል፣ ባዶውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስታወት ያያል፣ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የሚይዘውን ዕቃ የሚወስንለት ቦርሳው ነው። ቦታ ከተረፈ ይሞላዋል፤ ከጠበበ ደግሞ ጫማውና ድስቱ በገመድ ታስረው ውጭ ይንጠለጠላሉ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ጉዞው ይታወቅ፣ ቀጥሎ ዕቃው ይመዘን፣ ከዚያ ጀርባዎ ይለካ። ቦርሳው በመጨረሻ ይምጣ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው መጠነኛ ዋጋ ያለው ቦርሳ ይዞም ደህና ይሄዳል፤ ያልጠበቀ ግን ውዱን ገዝቶም ትከሻው ሊላጥ ይችላል።

መጀመሪያ፦ የሚሸከመው ማን ነው?

የት እንደሚሄዱና ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ መወሰን ግልጽ ነው። በእኛ አገር ግን ከእሱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ዋናውን ጭነት የሚሸከመው ማን ነው?

እንጦጦን፣ የመናገሻ ሱባን ደን፣ ወንጪን ወይም ዝቋላን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ሁሉም በራሱ ጀርባ ላይ ነው፣ ሁሉም ግን ጥቂት ነው። ለእንጦጦ ማለዳ ጉዞ ልጅዎ ትምህርት ቤት የሚይዘው ጠንካራ ቦርሳ ይበቃል። ከአራት አምስት ኪሎ በላይ እስካልጫኑበት ድረስ ለእሱ ብለው አዲስ ቦርሳ አይግዙ፤ ገንዘቡን ለጥሩ ጫማ ያውሉት።

ሰሜን ተራሮች ሌላ ነው። የአካባቢው ሁኔታ ፈቅዶ ከደባርቅ ተነስተው በሳንቃበርና በግጭ አድርገው ወደ ጨነቅ ሲጓዙ፣ ድንኳኑንና ምግቡን የሚጭነው በቅሎ ነው። በባሌ ተራሮችም ከዲንሾ ሲነሱ ፈረስ ይጫናል። ብዙ ሰው ይህን እያወቀ 70 ሊትር የሚይዝ ግዙፍ ቦርሳ ይገዛል፤ ከዚያ ያንን በቅሎ ላይ አስጭኖ የውሃ ጠርሙስ በእጁ፣ ጃኬት በወገቡ አስሮ ይሄዳል። እንዲህ ላለው ጉዞ የሚያስፈልጉት ሁለት ቦርሳዎች ናቸው። አንዱ ጀርባዎ ላይ የሚውል ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ነው። ሌላው ለበቅሎው የሚሆን፣ ውስጡ ብረት የሌለው ለስላሳ የስፖርት ቦርሳ ነው። ለስላሳ መሆኑ ምክንያት አለው። ጭነቱ በገመድ ተጠፍሮ ስለሚታሰር የጀርባ ቦርሳ ብረቱ ይጣመማል፣ ማያያዣው ይሰበራል፣ ማንገቻው በየቁጥቋጦው ይያዛል። ለስላሳው ቦርሳ እንዳለ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ቢታሰር ደግሞ ከበቅሎው ላብም ከአቧራም ይድናል።

በዚህ ዓይነት ጉዞ አንድ ነገር እንዳይዘነጉ። በቅሎዎቹ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር አይሄዱም። ሌላ መንገድ ቆርጠው ይቀድማሉ ወይም ዘግይተው ይነሳሉ። ስለዚህ የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ገንዘብና መታወቂያ ከጀርባዎ መለየት የለባቸውም። የቀን ቦርሳው 15 ሊትር ሳይሆን 25 እና ከዚያ በላይ ይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ደመና ሲመጣ አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል፣ ሹራቡ ደግሞ በቅሎው ጋ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ጉዞ ድንኳንዎን፣ መኝታዎንና ምግብዎን ሁሉ ራስዎ ይዘው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት የሚያድሩበት ነው። ትልቅ ቦርሳ፣ ከነወገብ ቀበቶውና ከነብረቱ፣ በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ዕቃውን ወለል ላይ ይዘርጉ

እይዛለሁ የሚሉትን ሁሉ አውጥተው ወለል ላይ ይዘርጉት። ለቀን ጉዞ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ሶፍት፣ ስልክ፣ የግንባር ባትሪ። ባትሪውን «ሳይመሽ እመለሳለሁ» ብለው አይተዉት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሳሉ ከመሸብዎ የስልክ መብራት አንድ እጅዎን ይይዝብዎታል።

ለአዳር ደግሞ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ማት፣ ወፍራም ልብስ፣ ምድጃና ድስት፣ የሁለት ሦስት ጊዜ ምግብ ይጨመራል። ጋቢን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጋቢ ደረቅ ሆኖ ሳለ የሚወዳደረው የለም። ሆኖም አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ቢጫኑት አይጠብም፣ የቦርሳውን ሆድ ይሞላዋል፣ ከረጠበ ከብዶ ሙቀቱን ያጣል፣ ተራራ ላይ ደግሞ አይደርቅም። በቅሎ ካለ ይያዝ፤ ማታ እሳት ዳር ደስታ ነው። በራስዎ ጀርባ የሚሄዱ ከሆነ ግን ቤት ይተዉትና ታጥፎ የዳቦ መጠን የሚያክል ስሊፒንግ ባግ ይፈልጉ።

አሁን ይመዝኑት። የቤት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ዕቃውን ታቅፈው ይቁሙና ልዩነቱን ይውሰዱ። ተጓዦች የሚጠቀሙበት የተለመደ ልክ አለ፤ ለቀን ጉዞ ጭነቱ ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛ፣ ለአዳር ደግሞ አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ይመከራል። ክብደትዎ 60 ኪሎ ከሆነ ከነቦርሳው ለቀን 6፣ ለአዳር 12 ኪሎ መሆኑ ነው። ከፍታ ላይ ከዚህም ይቀንሱ። 3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ በሰነቴ አምባ ወይም በራስ ዳሸን አቀበት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ራሱን ያሳውቃል።

ሚዛኑ ካለፈ ከመቀነስ በቀር መላ የለም። ውሃ አይነካም። ሁለተኛ ሱሪ፣ ሦስተኛ ሹራብ፣ ጠርሙስ ሙሉ ዘይት፣ ለአንድ ሰው ሁለት ድስት፤ የሚቀነሰው ከእነዚህ ነው። ከጓደኛ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ድንኳኑን ይካፈሉ፤ አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ብረቱንና ካስማውን።

ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግዎ ለማወቅ ሻጭ አይጠይቁ። የተረፈውን ዕቃ አንድ ካርቶን ውስጥ እንደ ቦርሳ አድርገው ጠቅጠቅ ያድርጉት። የሞላበትን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር ለክተው ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። 40 በ30 በ25 ቢሆን 30,000 ይሆናል፤ ያ 30 ሊትር ነው። ለትንፋሽ ያህል ጥቂት ሊትር ይጨምሩበት። በአብዛኛው ለቀን ጉዞ ከ20 እስከ 30፣ ለአንድ ለሁለት ሌሊት ከ40 እስከ 50 ይወጣልዎታል። 60 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ወደ ወለሉ ተመልሰው እንደገና ይዩት፤ ወይ ስሊፒንግ ባጉ በጣም ወፍራም ነው፣ ወይ ያልተቀነሰ ነገር አለ።

አንድ ቦርሳ ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ በጎኑ የማጥበቂያ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ለቀን ጉዞ ሲጠቀሙበት በማሰሪያው ሰብሰብ ስለሚል ዕቃው ውስጡ አይንከባለልም።

ሦስተኛ፦ ጀርባዎን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። የጀርባ ቦርሳ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚወሰነው በቁመትዎ አይደለም። እግሩ ረጅም፣ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው አለ፤ ተቃራኒውም አለ። ከአንድ ሜትር ከሰማንያው ጓደኛዎ ጋር አንድ ዓይነት ልክ ሊኖርዎት ይችላል።

የልብስ ሰፊ ሜትርና የሚረዳዎት ሰው ይፈልጉ። አንገትዎን ወደ ፊት ደፋ ሲያደርጉ ከአንገትዎ ሥር ጎልቶ የሚወጣ አጥንት አለ፤ መነሻው እሱ ነው። ቀጥሎ እጆችዎን ወገብዎ ላይ ያድርጉና የዳሌዎን አጥንት የላይኛውን ጠርዝ ይዳስሱ፤ አውራ ጣቶችዎ ወደ ኋላ ይዙሩ። ሁለቱ አውራ ጣቶች በአከርካሪዎ ላይ የሚያመለክቱት መስመር መድረሻው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ሜትሩ የጀርባዎን ጉብጠት ተከትሎ እንዲሄድ አድርገው ይለኩ። የብዙዎች ከ40 እስከ 53 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሚባለው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሚያስታውሱት ፊደሉን ሳይሆን ሴንቲሜትሩን ይሁን።

ይህ ቁጥር በተለይ ከውጭ በዘመድ ለሚያስመጡ ሰዎች ይጠቅማል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ወንድም «ምን ዓይነት ላምጣልህ?» ሲል «ጥሩ የሃይኪንግ ቦርሳ» ብሎ መመለስ በጭፍን ጫማ እንደማዘዝ ነው። የጀርባዎን ልክ በሴንቲሜትር፣ የወገብዎን ዙሪያ ልክ ዳሌዎ አጥንት ላይ፣ የሚፈልጉትን ሊትር ጽፈው ይላኩለት። አንዴ ውቅያኖስ ከተሻገረ በኋላ መልሶ መቀየር የለም። ጀርባው ከፍና ዝቅ የሚደረግ ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ግዢ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ሴቶች ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ቦርሳ ቢያገኙ ይሞክሩት። ማንገቻው ጠበብ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ብብትና ደረት አይፈትግም፤ የወገብ ቀበቶውም ለዳሌ ቅርጽ ዘንበል ብሎ የተሰፋ ነው። ጀርባው አጭር የሆነ ወንድንም ሊመቸው ይችላል።

ልኩ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለወገብ ቀበቶው ሲባል ነው። ከሰባት ስምንት ኪሎ በላይ የሆነ ጭነት ትከሻ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ አብዛኛው ክብደት ዳሌ አጥንት ላይ አርፎ በእግር መወሰድ አለበት። እናቶቻችን ውሃ የሞላ እንስራ ሲያዝሉ ሸክሙን ወገባቸው ላይ አሳርፈው ወደ ፊት ጎንበስ ይሉ የነበረው፣ ገመዱን ከትከሻቸው ለመያዣነት ብቻ እየተጠቀሙ ነው። ጥሩ ቦርሳ ያንኑ ሥራ ቀጥ ብለው ሳሉ ይሠራልዎታል። ጀርባው ካጠረ ቀበቶው ሆድ ላይ ይወጣና ትንፋሽ ያጥራል፤ ከረዘመ ወደ ቂጥ ይወርድና ክብደቱ ሁሉ ወደ ትከሻ ይመለሳል።

አራተኛ፦ ሱቅ ውስጥ

መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ባዶ ቦርሳ ለክተው አይግዙ። ባዶው ሁሉ ይመቻል። ባለ ሁለት ሊትር አራት የሃይላንድ ውሃ ይዘው ይሂዱ፤ ያ ስምንት ኪሎ ነው። ለአዳር ቦርሳ እሱን ጨምረው ክፍተቱን በሹራብ ይሙሉት፤ ለቀን ቦርሳ ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙስ ይበቃል። ሻጩ ቢገረም ይገረም። ለሰዓታት የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።

ሲያጠልቁት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ሁሉንም ማሰሪያ ያላሉ። ቦርሳውን ያዝሉና የወገብ ቀበቶውን መሃል ለመሃል ዳሌ አጥንትዎ ላይ አድርገው ያጥብቁ። ከዚያ ብቻ የትከሻ ማንገቻውን ወደ ታች ይሳቡ፤ ትከሻዎን ይቀፈው እንጂ አይጫነው። ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የሚሄዱ ትንንሽ ማሰሪያዎች ካሉ ለስለስ አድርገው ይሳቡ፤ ወደ ኋላና ወደ ላይ ዘንበል ብለው 45 ዲግሪ ገደማ ቢሠሩ ልኩ ደርሷል። የደረት ማሰሪያው መጨረሻ ነው፤ እሱም ማንገቻው እንዳይንሸራተት ብቻ።

አሁን ይራመዱ። የሕንጻ ደረጃ ካለ ይውጡ ይውረዱ። ሩብ ሰዓት ያህል ሳያወልቁ ይቆዩ። ማንገቻው ከትከሻዎ ላይ በአየር ከተንሳፈፈ ጀርባው ረዝሟል። የወገብ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ጠብቆም የሚላላ ከሆነ ለእርስዎ ትልቅ ነው። ቀና ብለው ሰማይ ሲያዩ ጭንቅላትዎ ከቦርሳው ጋር ከተጋጨ፣ አቀበት ላይ ፊት ለፊትዎን ማየት ያስቸግርዎታል። እጅ መደንዘዝ ከጀመረ ማንገቻው ነርቭ እየተጫነ ነው፤ አስተካክለው ካልለቀቀ ያንን ቦርሳ ይተዉት።

ከዚያ ስፌቱን ይመርምሩ። ገበያው ላይ የታወቀ ምልክት የተለጠፈበት ቦርሳ ሞልቷል፤ ምልክቱ ግን ስለ ጥንካሬው ምንም አይነግርዎትም። ቦርሳውን ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክሩ ተደጋግሞ፣ ጥቅጥቅ ብሎ መሰፋት አለበት፤ አንድ ተራ ስፌት ብቻ ካለ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ነው። የውስጥ ጠርዙ በጥብጣብ ተሸፍኖ ካልተሰፋ ጨርቁ ይተረተራል። የማንገቻውን ስፖንጅ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁት፤ ወዲያው የማይመለስ ከሆነ በአንድ ጉዞ ይሞታል። ዚፑን አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይሳቡት፤ በተለይ ማዕዘን ሲዞር። ማያያዣዎቹን ደጋግመው ይክፈቱ ይዝጉ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ላዩ ላይ ዴኒየር የሚል ቁጥር ካገኙ የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ያሳያል። ለቀን ቦርሳ 200 ገደማ ይበቃል። ለአዳር ቦርሳ፣ በተለይ ድንጋይ ላይ ለሚያርፈው መቀመጫው፣ ከ400 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ናይለን ከፖሊስተር ይልቅ መፈተግን ይችላል፤ ፖሊስተር ደግሞ ፀሐይን በመቋቋም ይሻላል።

ያገለገለ ቦርሳ ከልባሽ ተራ መግዛት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ እንዲያውም ለብዙ ሰው ከአዲሱ ርካሽ ቦርሳ የተሻለ ነው። ነገር ግን ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ውሃ እንዳይገባ የተቀባው ሽፋን ከጊዜ ብዛት እየተላጠ እንደ ቅርፊት ይራገፋል ወይም እጅ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ የሆነ ቦርሳ ጨርቁ ደህና ቢመስልም ጊዜው አልፏል፤ ሽታውም አይለቅም። የጀርባው ብረት አለመጣመሙን፣ የወገብ ቀበቶው ከነስፖንጁ መኖሩን ያረጋግጡ። ቀበቶው ተቆርጦ የቀረ የአዳር ቦርሳ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

የጎን ኪሱ ሳያወልቁ ጠርሙስ የሚወጣበት መሆኑን እዚያው ይሞክሩት፤ ውሃ ለመጠጣት ሁልጊዜ ቦርሳ ማውረድ ያለበት ሰው ሳያስበው ውሃ ይቀንሳል። ጀርባው ላይ ተወጥሮ አየር የሚያስገባው መረብ ለአዋሽና ለአፋር ሙቀት ጥሩ ነው፤ ለሰሜንና ለባሌ ግን ክብደቱን ከጀርባዎ ስለሚያርቀው ባይኖር ይሻላል። ከዚህ ውጭ ያለው ኪስና ቀለበት ብዛት ዋጋ መጨመሪያ ነው።

ዝናብና አጫጫን

ውሃ አያስገባም የተባለ ቦርሳ ሁሉ፣ በተለየ መንገድ ተጣብቆ ካልተሠራ በቀር፣ በዚፑና በስፌቱ በኩል ያስገባል። የዝናብ ሽፋን ይረዳል፤ ነፋስ ግን ይገልጠዋል፣ በጀርባዎ በኩልም ክፍት ነው። አስተማማኙ ዘዴ ከውስጥ ነው። አንድ ትልቅ ወፍራም ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ አስገብተው ስሊፒንግ ባጉንና ልብሱን ሁሉ እሱ ውስጥ ይክተቱ፣ አፉን ጠምዝዘው ይቋጥሩ። ስስ ፌስታል አይሆንም፤ በመጀመሪያው ቀን ይቀደዳል።

ስሊፒንግ ባጉ ከታች ይግባ። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ምግብ፣ ድስትና ውሃ፣ መሃል ላይ በተቻለ መጠን ወደ ጀርባዎ ተጠግቶ ይቀመጥ። ከባዱ ወደ ውጭ ከሆነ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትትዎታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሚዛን ያስታል። የዝናብ ጃኬቱና መክሰሱ አናት ላይ ይሁኑ። የምድጃው ጋዝ ወይም ነዳጅ ከምግብ ተለይቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሌሊት ቦርሳውን ከድንኳን ውጭ አያሳድሩ፤ ጅብ ባለበት አገር የምግብና የላብ ሽታ ያለበት ማንገቻ ለጥርሱ ግብዣ ነው።

ለረጅም ጉዞ ከመነሳትዎ በፊት ቦርሳውን ሙሉውን ጭነት አስይዘው አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ይውጡበት። የሚፈትግ ካለ እዚያ ይታወቃል፤ የሚቀነሰውም ዕቃ እዚያ ይለያል።

ከጉዞ ሲመለሱ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በጨርቅ ይጥረጉት፤ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይክተቱት። ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ፀሐይ ናይለኑን ያደክመዋልና። ከዚያ እያንዳንዱን ስፌት ይዩ። መላላት የጀመረ ካለ ሳይበጠስ ወደ ጫማ ሰፊ ይውሰዱት፤ በወፍራም ናይለን ክር፣ አሮጌውን ቀዳዳ ሳይከተል ከጎኑ ደግሞ ደጋግሞ እንዲሰፋው ይንገሩት።